ሲስተም እምቢ አይልም

በመንግሥትም ሆነ በግል መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟል፤ «ሲስተሙ እምቢ አለ»። ወንድምና እህቶቹም ብዙ ናቸው፦ «ሲስተም የለም»፣ «አልመዘግብ አለኝ»፣ «ሴቭ አያደርግም»፣ «ምን ላድርግ፣ አይቀበልም»። ባለጉዳዩ ይህን ሲሰማ ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ፖስታው ይመልሳል። አይከራከርም፤ ከማን ጋር ይከራከራል? ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛም አልዋሸችም፤ የሞላችው ፎርም እውነትም አላልፍ ብሏታል። ሁለቱም የተሸነፉት ለአንድ ሦስተኛ ወገን ነው። እሱ ደግሞ ቢሮ የለውም፣ ስልክ የለውም፣ አለቃ የለውም።

እኔ የምለው እንዲህ ያለ ሦስተኛ ወገን የለም ነው። እምቢ ማለት ፈቃድ ያለው ፍጡር ሥራ ነው። ኮምፒውተር ፈቃድ የለውም፤ የታዘዘውን ያደርጋል። ፎርሙ የማይመዘግበው አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «እንዲህ ያለው አይመዝገብ» ብሎ ስለጻፈ ነው፤ ወይም መጻፍ የነበረበትን ስላልጻፈ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው «አስተካክል» ተብሎ ተጠርቶ መጣና ችግሩን ትቶ የችግሩን ድምፅ አጠፋ። ጠቤ ይበልጡን ከዚህ ከሁለተኛው ሰው ጋር ነው። የመጀመሪያው ሁሉን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አይችልም፤ ይቅር ይባል። ሁለተኛው ግን በዓይኑ አይቶ ነው የሸፈነው።

የማወራው ሕዝብ ስለሚያየው ውብ ድረ ገጽ አይደለም። ከእሱ ጀርባ ስላለው፣ ሠራተኛው ፓስወርድ አስገብቶ ስለሚከፍተው የአስተዳዳሪ ገጽ፣ በለመድነው አጠራር ስለ «አድሚኑ» ነው። ተማሪ የሚመዘገብበት፣ የሕመምተኛ ካርድ የሚከፈትበት፣ ደመወዝ የሚገባበት፣ የተሳሳተ ስም የሚታረምበት ገጽ ነው። ማንም ባለሙያ ይህን ገጽ የሥራዬ ናሙና ነው ብሎ አያሳይም። ሚኒስትር መጥቶ ሪባን አይቆርጥለትም። ነገር ግን ድሮ ባሕር መዝገብ ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ የሚሠራው እሱ ነው።

ባሕር መዝገብ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፤ ኅዳግ። ዓምዱ ውስጥ የማይገባ ነገር ሲያጋጥመው መዝገብ ያዡ በጠርዙ ላይ ይጽፍ ነበር፦ «የአባቱ ስም በውል አልታወቀም፣ እናቱ ቀርባ ታስረዳለች»። ይፈርምበታል፣ ይቀጥላል። ወረቀት ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ አይጥ ይበላዋል፤ እምቢ ግን አይልም። ስክሪን ኅዳግ የለውም። ያልታሰበበት ነገር ሲመጣ የሚያውቀው መቆምን ብቻ ነው። ስለዚህ በፎርም ውስጥ የተጻፈች እያንዳንዷ «ግዴታ» የምትል ቀይ ኮከብ ትንሽ ሕግ ናት፤ በነጋሪት ጋዜጣ ያልታወጀች፣ ምክር ቤት ያልመከረባት፣ ይግባኝ የማይጠየቅባት ሕግ።

ቁልፉ ከተጫነ በኋላ

«መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ተጫነ እንበል። የተሞላው ነገር እስከ ዳታቤዙ ድረስ ቢያንስ ሦስት ኬላ ያልፋል። መጀመሪያ ብሮውዘሩ ይፈትሸዋል። ቀጥሎ ሰርቨሩ ይቀበለዋል፤ ላኪው ማን እንደሆነ፣ መብት እንዳለው ያጣራል። በመጨረሻ ዳታቤዙ «ይህ በእኔ ዓምድ ልክ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በየኬላው ነገሩ ሊቆም ይችላል፤ መቆሙ ነውር አይደለም። ነውሩ ቆሞ አለመናገሩ ነው።

ምሳሌ ላምጣ። ገጹ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ «የግል መረጃ»፣ «አድራሻ»፣ «ሰነዶች»። ሠራተኛዋ ያለችው የመጀመሪያው ላይ ነው። በተሸፈነው በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ግን ግዴታ የተባለ አንድ ባዶ ሳጥን አለ። ቁልፉን ስትጫን ብሮውዘሩ ባዶውን ሳጥን ሊያሳያት ይፈልጋል፤ ሳጥኑ ስለተደበቀ ጠቋሚውን ሊያደርስበት አይችልም፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ቅሬታውን የሚጽፈው ፕሮግራመሮች ብቻ በሚከፍቱት ጓዳ ውስጥ ነው። ሠራተኛዋ ትጫናለች፤ ምንም። ደግማ ትጫናለች፤ ምንም። ከዚያ ቀና ብላ ያችን ዓረፍተ ነገር ትናገራለች።

ሁለተኛው ይብሳል። ፒኤችፒ በሚባለው ቋንቋ የተሠራ ገጽ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው የሳጥን ቁጥር፣ ማንም ካልቀየረው በቀር፣ 1000 ነው። ይህ ገደብ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ፣ ሰርቨርን በብዙ ሳጥን አጨናንቀው የሚጥሉ አጥቂዎችን ለመከላከል ነው፤ ምክንያቱ ደህና ነው። አሁን 60 ተማሪ ያለበትን ክፍል የውጤት ገጽ አስቡ፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ 17 ሳጥን። 60 በ17 ሲባዛ 1020 ነው። አንድ ሺህኛው ላይ ይቆረጣል፤ የተረፈው 20 ይጣላል። ሰርቨሩ ማንም በማያነበው መዝገቡ ላይ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ያልፋል፤ መምህሩ ስክሪን ላይ ግን አረንጓዴ ጽሑፍ ይወጣል፤ «በትክክል ተመዝግቧል»። በሀ ሁ ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ያለችው ፍሬሕይወት ሙሉ ውጤቷን ታጣለች፤ ከእሷ በፊት ያለውም ሦስት ሳጥን ይጎድልበታል። ጥፋታቸው ምንድን ነው? ስማቸው በ«ፈ» መጀመሩ።

ሦስተኛው ደግሞ የሚያስቅ ይመስላል። ሠራተኛዋ ስካን የተደረገ ሰነድ ታያይዛለች፤ ሰነዱ ከባድ ነው። የፒኤችፒ የተለመደው ጣሪያ 8 ሜጋባይት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሰነዱ ብቻ አይደለም የሚጣለው፣ ፎርሙ በሙሉ ባዶ ሆኖ ይደርሳል። ሰርቨሩም ባዶውን አይቶ «እባክዎ ስም ይሙሉ» ይላታል። ስሙ ዓይኗ ሥር ተሞልቶ እያለ! እንዲህ ያለ ገጽ ፊት ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ማመን ቢያቆም ይገርማል?

እነዚህ ሦስቱም በአንድ ከሰዓት የሚፈቱ ናቸው። ምሥጢር አይደሉም፤ በመመሪያ መጽሐፎቹ ላይ የተጻፉ ናቸው። ታዲያ ለምን ዓመታት ይቆያሉ? የሐሰት መድኃኒት ስላላቸው ነው።

የመጀመሪያው የሐሰት መድኃኒት፦ «ደግመህ ጫነው»

ስልክ ደውላችሁ ብትጠይቁ መጀመሪያ የምትሰሙት ይህንን ነው። ደግመህ ጫነው፤ ሪፍሬሽ አድርገው፤ አጥፍተህ አብራው። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ለዚህም ነው አደገኛ የሆነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በስኮትላንድ፣ ዳልሜሊንግተን በምትባል ቦታ፣ የፖስታ ቤት ኃላፊ የነበሩ አንዲት ሴት 8,000 ፓውንድ መቀበላቸውን ሲመዘግቡ ስክሪኑ አልሄድ አላቸው። ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ቁልፉን ደጋግመው ተጫኑ። ፎርሙ የተጫኑትን ሁሉ እንደ አዲስ ገንዘብ ቆጠረው፤ 8,000 አራት ጊዜ፣ 32,000 ሆነ። በሒሳቡ ላይ 24,000 ፓውንድ ጎደለ ተባለ። ሆራይዘን የሚባለው ይህ የሒሳብ ሲስተም በብሪታንያ ፖስታ ቤቶች ከ1999 ጀምሮ ያገለግል ነበር። ይህኛው ስህተት ተገኝቶ፣ በ2019 የለንደኑ ፍርድ ቤት ሲስተሙ ውስጥ ነበሩ ካላቸው ጉድለቶች መካከል ተቆጥሯል። ሌሎቹ ባለቤቶች ግን እንዲህ ዕድለኛ አልነበሩም። ሲስተሙ «ጎድሏል» ስላለ ብቻ ከ900 በላይ የአነስተኛ ፖስታ ቤት ኃላፊዎች በስርቆትና በሒሳብ ማጭበርበር ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን የሸጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። ፍርዱን በጅምላ ለመሻር በ2024 ልዩ ሕግ ማውጣት አስፈልጓል።

በዚያ አገር ሕግ፣ ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ፣ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ተብሎ ይገመታል። ሰውዬው «እኔ አልሰረቅሁም» ሲል ሲስተሙ «ሰርቀሃል» ካለ፣ ማስረዳት የሰውዬው ሸክም ሆነ። እኛ ዘንድ ይህ ግምት በሕግ መጻፍ አያስፈልገውም፤ በመስኮቱ በሁለቱም በኩል ባለን ሰዎች ልብ ውስጥ ተጽፏል። «ሲስተሙ እንዲህ ይላል» ከተባለ በኋላ የሰው ቃል ምን ዋጋ አለው?

እውነተኛው መፍትሔ ምን ነበር? ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፎርም ሲከፈት የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ በዚያ ቁጥር አንዴ ከተመዘገበ ሁለተኛው ቢመጣ «ይኼን ቀድሜ ተቀብያለሁ» ይበል። ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ይደብዝዝ፤ «በመላክ ላይ ነው» ይበል። ከተመዘገበ በኋላ ገጹ ወደ ሌላ ገጽ ይሻገር፣ ሪፍሬሽ ሲደረግ ያው ነገር ዳግመኛ እንዳይላክ። ይህን የማያውቅ ፕሮግራመር ጥቂት ነው። የሚሠራው ግን «ደግመህ ጫነው» ከማለት ይልቅ ጥቂት ሰዓት ስለሚወስድ፣ ቀላሉ ይመረጣል።

ሁለተኛው፦ መቆለፊያውን ማውለቅ

ይህ በባለሙያው ቤት የሚደረግ ነው፤ ባለጉዳዩ አያየውም። የአስተዳዳሪ ገጽ ፎርም በውስጡ የተደበቀ አንድ የምሥጢር ቁጥር ይይዛል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሠራተኛው በአንድ መስኮት አድሚኑን ከፍቶ እያለ፣ በሌላ መስኮት አንድ ተንኮለኛ ገጽ ቢከፍት፣ ያ ገጽ በሠራተኛው ስም ወደ አድሚኑ ትእዛዝ ሊልክ ይችላል፤ ብሮውዘሩ «ይህ ሰው ገብቷል» ብሎ ያሳልፈዋል። የምሥጢር ቁጥሩ ግን ተንኮለኛው ገጽ ጋር የለም። ቁጥሩን ያላመጣ ፎርም ይመለሳል። ሲኤስአርኤፍ የሚባለውን ጥቃት የሚከላከለው ይህ ነው።

ታዲያ ሠራተኛዋ ለምሳ ወጥታ ስትመለስ ቁጥሩ ጊዜው አልፎበታል፤ ግማሽ ሰዓት የሞላችው ፎርም ተመለሰባት። በላራቬል የተሠራ ከሆነ «419፣ ገጹ ጊዜው አልፏል» ይላታል። ወይም ደግሞ ባለሙያው ጃንጎን ወደ 4.0 አሳደገው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የወጣው ይህ እትም ጥያቄው የመጣበትን አድራሻ ጠበቅ አድርጎ ማጣራት ጀመረ፤ የሚታመኑ አድራሻዎች ሲዘረዘሩም መነሻቸው ሙሉ ሆኖ እንዲጻፍ ጠየቀ። ብዙ ሰርቨር ከሌላ ሰርቨር ጀርባ ስለሚቀመጥ፣ ትናንት ይሠራ የነበረው አድሚን ዛሬ ማንንም አላስገባ አለ።

መድኃኒቱ በቅንብሩ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። የሐሰት መድኃኒቱም አንድ መስመር ነው፤ ማጣሪያውን ማጥፋት። ሁለቱም ፎርሙን ያሳልፉታል። አለቃው «ሠራ?» ይላል፤ «ሠራ» ይባላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የዚያ ቤት በር መቆለፊያ የለውም። ቁልፍ ጠፋኝ ብሎ በሩን ከማጠፊያው የነቀለ አናጺን ማን ያመሰግነዋል? በኮምፒውተር ሥራ ግን እናመሰግነዋለን፤ «ጎበዝ ልጅ ነው፣ በአምስት ደቂቃ ጨረሰው» እንለዋለን።

ሦስተኛው፦ «የሆነ ነገር ጻፍበት»

ከሁሉም የምጠላው ይህንን ነው። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ ግዴታ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም አለን፣ የአባታችን ስም አለ፣ ካስፈለገ የአያት። ባልና ሚስት በአንድ ስም አይጠሩም፤ ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በእኛ ዘመን ግን የቤተሰብ ስምን ፎርም ነው የሚያወጣው። አንዱ ጋ የአባት ስም ይገባል፣ ሌላው ጋ የአያት፣ ሌላው ጋ የራስ ስም ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ሌላው ጋ ነጥብ ወይም ኤክስ ይደረጋል። እናም አንድ ሰው አራት ሰው ሆኖ በአራት መዝገብ ይኖራል፤ አንድ ቀን አራቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ «አንተ የትኛው ነህ?» ይባላል።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካ በነጠላ ስም ብቻ በተዘጋጀ ፓስፖርት ለሚመጣ ሰው፣ በቪዛው ላይ በመጀመሪያ ስም ቦታ «የመጀመሪያ ስሙ የማይታወቅ» የሚል ትርጉም ያለው ሦስት ፊደል ይጻፋል። ሰዎች ከዚያ በኋላ በመንጃ ፈቃዳቸው፣ በባንክ ደብተራቸው፣ «ኤፍኤንዩ» ተብለው ይጠራሉ። ፓትሪክ ማኬንዚ የሚባለው ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2010 ሙያ ጓዶቹ ስለ ሰው ስም የሚያምኗቸውን 40 የተሳሳቱ ነገሮች ዘርዝሮ ጽፏል፤ ጽሑፉ በሙያው ውስጥ ዝነኛ ነው። ዝነኛ ሆኖ ሳለ ቀይዋ ኮከብ አሁንም አለች።

ወደ ቀኑ እንምጣ። የብሮውዘሩ የቀን ሳጥን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ቀን የተወለደ ሰው ቀኑን በቁጥር ሲናገር 30/2 ይላል፤ ሳጥኑ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና ይመልሰዋል። ጳጉሜን 3 የተወለደችው 3/13 ናት፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ ይመልሳታል። እነዚህ ግን ዕድለኞች ናቸው፤ ቢያንስ ተመልሰዋል። ነሐሴ 5 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደውን እዩት። 5/12/1985 ይጻፋል፤ ሳጥኑ በደስታ ይቀበላል፤ ዲሴምበር 5፣ 1985። ትክክለኛው ልደቱ ግን እ.ኤ.አ. ኦገስት 11፣ 1993 ነው። በአንድ ጠቅታ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀ። የጡረታ ዕድሜው 60 ነው፤ መዝገቡ ይዞት ከቀጠለ፣ ገና ጉልበት ያለው ሰው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ «ሞልተሃል» ይባላል። እርማት ሲጠይቅ ማስረጃ አምጣ ይሉታል፤ ማስረጃው ደግሞ ያው መዝገብ ነው።

ፊደሉም አለ። «ከኤ እስከ ዜድ ብቻ» የምትል አንዲት የማጣሪያ መስመር ግዕዝ ፊደልን በሙሉ ታባርራለች። ርዝመትን በባይት የሚቆጥር ዓምድ ከሆነ ደግሞ፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል፤ 20 ባይት በተፈቀደበት ዓምድ የሚገባው ስድስት ፊደል ነው። ወልደገብርኤል ስምንት ፊደል ነው። በላቲን ቢጻፍ ግን ይገባ ነበር። ዓምዱ ላቲን ብቻ እንዲይዝ የተደረገ ከሆነም ስሙ በጥያቄ ምልክት ረድፍ ይተካል፤ ከዚያ ወዲያ መልሶ ማንበብ አይቻልም። በመጨረሻም ፍለጋው፦ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ብላ የፈለገች ነርስ አታገኘውም። ስላላገኘችው ሁለተኛ ካርድ ትከፍትለታለች። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው በመጀመሪያው ካርድ ላይ ከሆነስ?

«የሆነ ነገር ጻፍበት» ብሎ የሚመክር ሰው ችግር ፈታሁ ብሎ ያምናል። የፈታው ግን የራሱን ችግር ነው። የሌላውን ሰው ችግር ሌላው ሰው እስከ ዕድሜ ልኩ እንዲሸከመው አድርጎ አስሮ ነው የሰጠው።

የሚሰጡን ምክንያቶች

«ሠራተኞቹ ስልጠና ያስፈልጋቸዋል» ይላሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ሲቲባንክ ለሬቭሎን ኩባንያ አበዳሪዎች ወደ 7.8 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወለድ ሊከፍል አስቦ 900 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ላከ። ገንዘቡ እንዳይወጣ ፎርሙ ላይ ሦስት ሳጥን መሞላት ነበረበት፤ የተሞላው አንዱ ብቻ ነው። ሦስት የሰለጠኑ ሰዎች ተራ በተራ አይተው አጽድቀውታል። በ2021 ዳኛው ገንዘቡን ላልመለሱት አበዳሪዎች ፈረዱ፤ ባንኩ በይግባኝ ያሸነፈው ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ፣ በ2022 ነው። ሦስት ጥንድ ዓይን ያላየውን የአንድ ወረዳ ሠራተኛ በሁለት ቀን ስልጠና ታየዋለች ብሎ መጠበቅ ቀልድ ነው። ስልጠና የሚያስፈልገው ፎርሙ ነው።

«ሶፍትዌሩ ከውጭ የመጣ ነው፤ ዓለም እኛን አያውቀንም» ይላሉ። ያውቀናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር አይሲዩ በሚባለው በዓለም ዙሪያ በሚሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ብሮውዘሮችም ቀንን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ይችላሉ። «ማንኛውም ፊደል» የሚል ማጣሪያ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ከ2018 ጀምሮ አለ። ዕቃው መደርደሪያው ላይ ነው፤ እጁን የዘረጋ የለም።

«ጊዜና ባጀት የለንም» ይላሉ። ባጀቱማ እየወጣ ነው፤ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ብቻ ነው ያልተጻፈው። ከገጠር ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ሰው የመኪና፣ የምግብ፣ የአልጋ ከፍሏል። የቀን ሥራውን አጥቷል። ይህ ወጪ በማንም የሒሳብ ሪፖርት ላይ ስለማይታይ የለም ማለት አይደለም። አምስት ሰዓት ያልተከፈለው ፕሮግራመር ያተረፈውን፣ አምስት ሺህ ሰው በየተራው ይከፍለዋል።

አንድ ክርክር ግን አለ፤ በክብር ልመልስለት የሚገባ። «ፎርም ሁሉን ከተቀበለ መዝገቡ ቆሻሻ ይሆናል፤ ጥብቅ የሆንነው ለንጽሕና ነው» የሚል። እውነት ነው፤ የማይፈትሽ መዝገብ መዝገብ አይባልም። ግን ጥብቅ ፎርም ያመጣው ንጽሕና የት አለ? ነጥቦቹ፣ ኤክሶቹ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለዱት ሁሉ፣ ዜሮ ዜሮ የሆኑት ስልክ ቁጥሮች፣ እነዚህ የልል ፎርም ልጆች አይደሉም። የጥብቅ ፎርም ልጆች ናቸው። እውነቱን ተናግሮ እንዳያልፍ የተከለከለ ሰው ዋሽቶ ያልፋል፤ ከዚያም ውሸቱ በቅጡ የተሞላ ይመስላል። ልዩነቱ መታወቅ ያለበት ሐሰት የሆነውና እንግዳ የሆነው ነገር ላይ ነው። ሐሰት የሆነው፣ ለምሳሌ ገና ወደፊት የሚመጣ የልደት ቀን፣ ይመለስ። እንግዳ የሆነው ግን ይመዝገብ፤ ምልክት ይደረግበት፣ ምክንያቱ ይጻፍበት፣ ኃላፊ ይይበት። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የባሕር መዝገቡ ኅዳግ ነው። መልሱልን ነው የምንለው።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

አስተካክል ተብሎ የሚጠራ ሰው «አሁን ይልካል?» ብቻ ብሎ አይሂድ። የተላከው በሙሉ ደርሷል ወይ፣ ሁለት ጊዜ አልደረሰም ወይ፣ የደረሰው የተጻፈው ነው ወይ፤ እነዚህን ሦስቱን ዳታቤዙን ከፍቶ በዓይኑ አይቶ ይመልስ። ስህተት ሲኖር ፎርሙ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ ሠራተኛው በሚሠራበት ቋንቋ ይናገር፤ የቱ ሳጥን፣ ለምን፣ ምን ቢደረግ እንደሚያልፍ ይበል። የተሞላውን አይደምስስ። «ተመዝግቧል» የሚለው ቃል መሐላ ነው፤ ሳይመዘገብ አይባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ስህተትን የሚደብቅ ገጽም እንዲሁ።

ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌሩን ከመረከቡ በፊት አንድ ወረቀት ይዞ ይቀመጥ። ወረቀቱ ላይ ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ልጅ፣ የአባቷ ስም የማይታወቅ ሴት፣ ወልደገብርኤል የሚባል ሰው፣ «ኃይሉ»ና «ሀይሉ»፣ 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ይኑርበት። ፈተናው ከሰዓት አይፈጅም። ይህንን ያላለፈ ሶፍትዌር ርክክብ አይፈረምበት፤ ክፍያም አይለቀቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

እኛ ከመስኮቱ ወዲህ ያለነው ደግሞ አንድ ነገር እንልመድ። «ሲስተሙ እምቢ አለ» ስንባል ወረቀቱን ከማጣጠፋችን በፊት እንጠይቅ፦ «ምን ብሎ? እስቲ የጻፈውን ያንብቡልኝ።» ካነበቡልን እንጻፈው፤ ቀኑን ጨምረን ለኃላፊው እንስጠው። ምንም ካልጻፈ ደግሞ ያንኑ እንጻፍ፤ «ምንም አልጻፈም» ብለን። ሠራተኛዋን ለመክሰስ አይደለም፤ እሷም እንደ እኛው ከመስኮቱ ሥር ያለች ናት። የምንፈልገው ያንን ሕግ የጻፈውን ሰው ነው። ስም አለው፣ ደመወዝ ይበላል፣ አለቃ አለው። ይጠራና ይጠየቅ።